ሳትሄድ የደረሰችው ልጅ

የልጅቷ ድምፅ በግድግዳው በኩል ሲመጣ፣ ልጅቷ ራሷ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። «ደርሻለሁ!» ይላል ድምፁ፣ ሳቅ ሳቅ እያለው። «ሁሉም ነገር ምቹ ነው፤ ሥራው ቀላል፣ ሰዎቹ ጥሩ! እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? ኑ እንጂ!» ከዚያ አንድ ሞቅ ያለ ሙዚቃ ይጀምርና ገና ሳይጋጋል ተቆርጦ፣ እንደገና «ደርሻለሁ!» ይላል። እናትየው ለፍርድ ቤት የምትለብሰውን ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እየተኮሰች ነበር። ካውያውን ከፍ አደረገችና ልጇን አየቻት። ልጅቷ እንደ ወትሮዋ በቀኝ ጎኗ ተኝታ ቀኝ ጆሮዋን ትራሱ ውስጥ ቀብራለች። ግራው አይሰማም፤ የባሕር ማዶ እመቤቷ በጥፊ ያጮለቻት ቀን ጭው እንዳለ ቀርቷል። የሚሰማውን ጆሮ በትራስ መድፈን እንጂ ግድግዳውን ዝም ማሰኘት እንደማይቻል ካወቀች ቆይታለች። ሁለት ዓመት ያህል በሰው ቤት ተቆልፎባት ሠርታ ስትመለስ ይዛ የመጣችው አንድ ፌስታልና ይህን አተኛኘት ነው።

እናትየውን ሰፈሩ «ተኳሿ» ይላታል። የማያውቅ ሰው ሲሰማው ይደነግጣል እንጂ በሕይወቷ ካውያ ብቻ ነው ያነሳችው፤ አንድ ትልቅ ልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሰው ሸሚዝና አንሶላ ትተኩሳለች። የምትኖርበት ክፍል አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሳጥንና ሁለት ሰው ያስቆማል፤ ሦስተኛ ሰው ከመጣ አንዱ አልጋው ላይ መቀመጥ አለበት። አከራዩ ብልህ ሰው ነው። አንዱን ሰፊ ክፍል በቺፑድ ለሁለት ሲከፍለው ኪራዩን ግን አልከፈለውም፤ ከዚህም ከዚያም ሙሉውን ይቀበላል። ቺፑዱ ከጣት አይወፍርም። ማዶ ያለ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርሽ» ይባላል፣ ማዶ ሽንኩርት ሲቁላላ እዚህ ዓይን ያለቅሳል። ስለዚህ ማዶ ያለው ስልክ ሲከፈትም እዚህ ይሰማል።

ማዶ የምትኖረው እትዬ ናት። ደጃፏ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትቸረችር፣ ተኳሿን በዕድሜ በጥቂት ዓመት የምትበልጥ፣ በነገር ግን በብዙ የምትበልጥ ሴት። ያን «ደርሻለሁ» የሚለውን የተኳሿን ልጅ ቪዲዮ የምትከፍተው ለልጅቷ ብላ አይደለም። የእሷም የመጨረሻ ልጅ፣ ያቺ ለፍላፊዋ፣ ቪዲዮውን አይታ ከሥሩ «እኔንም ውሰዱኝ» ብላ ጽፋ ነበር፤ ከጽሑፉ አጠገብ ጥፍር የምታህል ፎቶዋ አለች። ወሰዷት። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይጠራም፤ ከእሷ የቀረ ነገር ቢኖር ያቺ ጽሑፍና ያቺ ፎቶ ናት። እትዬ በየማለዳው ፊቷን ሳትታጠብ ትከፍታታለች፣ ከልጇ ጽሑፍ ሥር «ደህና አደርሽ?» ብላ ትጽፋለች፣ ትንሽ ትጠብቃለች። ቪዲዮው ደግሞ ሰው ሲጠብቅ አብሮ ዝም አይልም። የስልኩ የድምፅ መቀነሻ ቁልፍ ከተሰበረ ቆይቷል። ተኳሿ ስንት ጊዜ «እትዬ፣ ኧረ ስለ ፈጣሪ ዝጊው» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘግታዋለች። ዝጊው ማለት ልጅሽን አትዪያት ማለት ነው፤ የራሷ ልጅ አልጋ ላይ ተኝታላት ያቺን እንዲህ የምትልበት አንደበት ከየት ይምጣ።

ልጅቷ ከተመለሰች ወዲህ ስላለፈው የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ቪዲዮው የተቀረፀው ከመሄዷ በፊት እንደነበረ። ደላሎቹ እዚሁ ከተማ፣ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ባለ አንድ ቤት ውስጥ አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ ፊት አቆሟት። ሻንጣ አስያዟት። ሻንጣው ባዶ ነው፤ እሷ ስትጨርስ ቀጣይዋ ልጅ ተቀብላው ቆመች። «ደርሻለሁ በይ፣ ሳቂ» አሏት፣ አለች፣ ሳቀችም። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ፓስፖርቱ ላይ ሃያ ሦስት አድርገዋታል። እናትየው ቪዲዮውን ያየችው ልጇ ከትምህርት ቤት ሳትመለስ በቀረች በሳምንቱ ነው፤ አይታም፣ ይቅር ይበላት፣ እፎይ ብላ ነበር። ደርሻለሁ ትላለቻ! ደግሞ ትስቃለች። ሳትሄድ መድረሷን ማን ያውቃል።

ቀሚሱን ለበሰችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዛሬ እኮ ነው ቀኑ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ጠበቃዋ ብትመጪ ጥሩ ነው ብላለች። ግዴታ አይደለም ብላለች ደሞ።»

ልጅቷ ከመጣች ወዲህ ከግቢው በር አልወጣችም፤ ሰው ፊቷን አይቶ «አንቺ የቪዲዮዋ አይደለሽም?» እንዳይላት ነው። አንድ ጊዜ ዕቃ ሊያደርስ ግቢ የገባው የሱቁ ልጅ ብሏታል፣ ደስ ብሎት፣ ዝነኛ ያገኘ መስሎት። እናትየው ዳቦውን በሳህን ከድና፣ ሻይ በፔርሙዝ አስቀምጣ፣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ውጭ እትዬ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የክት ጫማዋን እየታገለች ነበር። ጫማው ጠቧታል፤ እግሯ ነው የሰፋው ወይስ ጫማው ነው ያነሰው ብላ ሳቀች፣ ተኳሿም ሳቀች፣ ወጡ።

ታክሲው ውስጥ ስለ ቲማቲም አወሩ። እትዬ ነጋዴዎቹ ከላይ ደህና ደህናውን ደርድረው ከሥር የበሰበሰ እንደሚሸጡላት፣ አንድ ሳጥን ገዝታ ሲሶውን እንደምትጥለው፣ ኪሎውን ስታስወድድ ደግሞ ደንበኛ «ወርቅ ነው እንዴ?» እያለ እንደሚሄድባት ነገረቻት። ተኳሿም የመብራት ቆጣሪውን፣ የሳሙናውን፣ የታክሲውን ታሪፍ አነሳች። ሁለቱ እንዲህ ሲያወሩ ለሰሚ ገበያ የሚወርዱ ይመስላሉ። ፍርድ ቤቱ ሲቃረብ ግን የእትዬ ወሬ ወደ ለመደው ቦታው፣ ልጇ ወደ ሄደችበት ቀን ተመለሰ። «ሻይዋን እንኳ ሳትጠጣው» አለች። «ቀድቼላት፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ሻይዋ አለ፣ እሷ የለችም። ነክቼ አየሁት፣ ገና ትኩስ ነው። ትኩስ ከሆነ ሩቅ አልሄደችም ብዬ ቁጭ ብዬ ጠበቅኳት፣ አየሽ የኔን ሞኝነት? ወጥቼ ብሮጥ እኮ እደርስባት ነበር።» ተኳሿ ይህን ነገር እንደ ራሷ ታሪክ ታውቀዋለች። ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ትሰማታለች፤ ሌላ ልታደርግላት የምትችለው ነገር የለም።

ጠበቃዋ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ወጣት ናት፤ ከአንድ የሴቶች ማኅበር ያለ ክፍያ የምትከራከር፣ ስትናገር የምትፈጥን፣ ስታደምጥ ግን የምትታገሥ። ነገሩን ደግማ አስረዳቻቸው። ደላሎቹ ጠፍተዋል፣ ገጹ የተከፈተበት ስምም ስልክም የውሸት ነው። ያልጠፋ አንድ አካል ቢኖር ቪዲዮው የሚታይበት ኩባንያ ነው፤ ቪዲዮውን አስተናግዷል፣ ለልጆች መርጦ አሳይቷል፣ በመሐሉ ማስታወቂያ እያስገባ ተጠቅሞበታል። የዛሬው ጥያቄ ገና ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው አይደለም። የዛሬው፣ ይህ ኩባንያ ለመሆኑ ሊጠየቅ ይችላል ወይ ነው። «ካልቻለስ?» አለች ተኳሿ። «ካልቻለ መዝገቡ ይዘጋል» አለች ጠበቃዋ። «ቪዲዮውስ?» ጠበቃዋ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመረች። ተኳሿ ከዚህ ሁሉ ክርክር የምትፈልገው ያንን ብቻ ነው፤ ያ ድምፅ እንዲጠፋ። ካሳውን እንደ ሎተሪ ነው የምታስበው፣ ለሌላ ሰው የሚደርስ ነገር።

ችሎቱ ጠባብ ነው፤ አግዳሚዎቹ የቆዩ፣ መስኮቱ አልከፈት ያለ። የኩባንያው ጠበቃ ጎልማሳ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲገባ ሁለቱን ሴቶች አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ያለ ጨዋ ሰው ነው። ተኳሿ ክፉ ሰው ጠብቃ ስለነበር ትንሽ ግራ ገባት። ሰውየው ተነሥቶ፣ በደረሰው ነገር ደንበኛው ከልብ ማዘኑን ተናገረ። ቀጥሎም ደንበኛው ግድግዳ ነው አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አንድ ሰው ሌሊት መጥቶ ግድግዳ ላይ የውሸት ማስታወቂያ ቢለጥፍ፣ የሚጠየቀው ለጣፊው ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። በቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ለአካለ መጠን አልደረሰችም፣ ተገዳለች ብሎ ለደንበኛዬ ያሳወቀ አንድም ሰው የለም። አንዲት ጥቆማ መጥታለች፤ እሷም ‹ይጥፋልን› ከማለት በቀር ምክንያት አትሰጥም።» ጥቆማዋ የተኳሿ ናት። የሱቁ ልጅ ነበር የጻፈላት። መልሱ በቅጽበት ነው የመጣው፦ ተመልክተነዋል፣ የማኅበረሰብ ደንባችንን አይጥስም።

ግድግዳ የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ስለ ግድግዳ ለእሷ ነው የሚነገራት! ስታስበው ስታስበው ሰውየው ቀጣዩን መናገር ጀምሮ ኖሯል፣ የነቃችው የስልክ ቁጥሯ ሲነበብ ነው። ቪዲዮው፣ አለ ሰውየው በዚያው በለስላሳ ድምፁ፣ በወጣበት ሰሞን ተመልካች አልነበረውም፤ ሊረሳ ነበር። ከዚያ አንዲት ስልክ ከጠዋት እስከ ማታ ትከፍተው ጀመር። ለዘመድ ለወዳጅ ታስተላልፈው ጀመር። ሥርዓቱ የሚያውቀው ሰው የወደደውን ነገር ነው፤ በዚህ አካባቢ ይህ ነገር ተወዷል ብሎ በአካባቢው ላሉ፣ የቪዲዮዋን ልጅ ለሚመስሉ ወጣቶች አሳየው። «ከዚሁ ስልክ በቪዲዮው ሥር ከስምንት መቶ በላይ አስተያየት ተጽፏል፤ የመጨረሻው ባለፈው ሳምንት። ቪዲዮውን ያስፋፋው ደንበኛዬ ነው ከሚባል የዚህች ስልክ ባለቤት ናት ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል። ይህን የምለው እናትን ለመውቀስ አይደለም።»

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩ። «ስልኩ የእርስዎ ነው?»

ተኳሿ ተነሣች። «የኔ ነው።»

«ቪዲዮውን ደጋግመው አይተውታል?»

«ልጄ ናት» አለች። ሌላ ልትል ፈልጋ ነበር። ስምንት መቶ ጊዜ መጻፍማ ውሸት ነው፣ እኔ አንዲት መልእክት ለመጻፍ እንደ ዶሮ ባንድ ጣቴ ፊደል ነው የምለቅመው፣ ብጽፍ ብጽፍ አምስት ስድስት ጊዜ «ልጄ የት ነሽ» ነው ያልኩት ልትል። ነገር ግን ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ወረቀታቸው ተመልሰዋል። ደግሞ ማየቱ እውነት ነው። ስልኩን የስታርች ጣሳው ላይ አስደግፋ፣ ሸሚዝ በተኮሰች ቁጥር አንድ ጊዜ፣ አንሶላ ባጠፈች ቁጥር አንድ ጊዜ አይታታለች፤ ባትሪው ሲያልቅ ብቻ ነው ያረፈችው። ስትቀመጥ ከጎኗ ያለችው እትዬ አልተንቀሳቀሰችም። አንገቷን አላዞረችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊቷን ታያለች፤ ግን ሰምታለች፣ በአካባቢው ላሉ ወጣቶች የተባለው ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መማር አያስፈልግም። በአካባቢው ማለት ቺፑድ ማለት ነው።

ዳኛው ክርክሩን መርምረው ብይን ለመስጠት ለሚቀጥለው ወር ቀጠሩ፤ ከሳሾች ተጨማሪ ማስረጃ ካላቸው በቀጠሮው እንዲያቀርቡም አዘዙ። ኮሪደሩ ላይ ጠበቃዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ለመነቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ ማናችሁም አትክፈቱት። በከፈታችሁት ቁጥር ለሌላ ሰው ያሳየዋል፣ እነሱም ቆጥረው ያቀርቡብናል። ይጥፋ ብላችሁም አታመልክቱ፤ ከእጃችን ከወጣ የምንከስበት ነገር አይኖርም። «እንዳናይም፣ እንዳናጠፋም?» አለች ተኳሿ። «ለአንድ ወር» አለች ጠበቃዋ፣ ዓይኗን ወደ እትዬ አዙራ። እትዬ ጫማዋን አጎንብሳ አላላችው።

በመልሱ ታክሲ ስለ ቲማቲም ያወራ ሰው የለም። ሁለቱ ተጣብቀው ነው የተቀመጡት፣ ክንዳቸው ይነካካል፣ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ እትዬ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ተኳሿን ያዘቻት፤ ወዲያው ትዝ ሲላት እጇን ሰበሰበች። ተኳሿ ሰድባኝ ቢሆን ብላ ተመኘች። ገዳይ፣ ልጄን ያስበላሽ ብትላት መልስ ባይኖራት እንኳ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። የሆነው ግን ይቅርታ የማይጠየቅበት ነገር ነው። ልጄን ስላየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ ይባላል? ሰው ልጁን ማየቱ ለሌላው ልጅ ወጥመድ ሆኖ ይቆጠርበታል ብሎ ማን ያስባል? ማዞሪያው ጋ ሲደርሱ ተኳሿ ለሥራ ወረደች። እትዬ «ወራጅ አለ» ብላ ጮኸችላት፣ ያ ብቻ ነው ያወሩት።

ልብስ ንጽሕና ቤቱ ከሰዓት በኋላ እንፋሎቱ ያፍናል። አለቃዋ ግማሽ ቀን ፈቅዶላት ስለነበር ግማሽ ቀኑን በሙሉ ቀን ሥራ አስከፈላት፤ የአንድ ሆቴል አንሶላ እስከ ወገቧ ተቆልሎ ጠበቃት። ዘረጋች፣ ውሃ ረጨች፣ ተኮሰች፣ አጠፈች። የስታርች ጣሳው እዚያው ቦታው ላይ ነው። ያኔ ስልኩን ስታስደግፍበት የነበረው ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተልጧል። እዚህ ቆማ «እደጊልኝ፣ ብሪልኝ» እያለች ስታያት፣ ያ ቪዲዮ ከዚህ ጣሳ ላይ ተነሥቶ የሰው ቤት ሲያንኳኳ ነበር ማለት ነው። እንባዋ አንሶላው ላይ ወደቀ፤ ካውያው ወዲያው አደረቀው። ይልቅ የሚያንገበግባት ሌላው ነው። እትዬስ? እትዬ ነገ ማለዳ ልትከፍተው ነው። አትክፈቺው ማለት የእሷ፣ የተኳሿ ድርሻ ነው፤ ከሰው ሁሉ ይህን ለማለት የማትችለው ደግሞ እሷ ናት። ካላለች ነገ ሌላ እናት ትኩስ ሻይ ነክታ ትቀመጣለች። ሥራው እስኪያልቅ ይህን ስታገላብጥ ዋለች፤ ያገኘችው ነገር የለም።

ማታ ስትገባ ልጅቷ አልጋው ላይ ነበረች፤ ዳቦው ግማሽ ተበልቷል። ማዶ ጭጭ ነው። ኩራዟን፣ ድስቷን፣ የፕላስቲክ ወንበሯን የምታንኳኳ ሴት ድምፅዋን ካጠፋች ቤቱ ያስፈራል። ተኳሿ ጫማዋን ሳታወልቅ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናት፣ በነጠላ ጫማዋ፣ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለች።

«እንኪ» አለች። «አንቺ ጋ ይደር።»

«እትዬ...»

«ጠዋት ስጪኝ ብልሽ እንዳትሰጪኝ። ብጮህም፣ ብሰድብሽም። እኔ ራሴን አውቃለሁ፣ ቤቴ ካደረ እከፍተዋለሁ።»

ተኳሿ ተቀበለቻት። «ግቢ» ብቻ አለቻት፣ እትዬ ገብታ ከልጅቷ እግር ሥር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስምንት መቶ ጊዜ ጽፋለች አሉኝ እኮ» አለች ተኳሿ፣ ዝም ከማለት ይሻላል ብላ። «እኔ! ስሜን ለመጻፍ የምጨነቀው!» እትዬ ፈገግ ልትል ሞከረች። ይህን ጊዜ ነው በመሐረቡ ውስጥ ያለው ስልክ የነዘረው። ፈቱት። ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ወጥታለች፦ ለአስተያየትሽ ምላሽ ተሰጥቷል።

እትዬ በየማለዳው «ደህና አደርሽ?» ስትል አንድም ቀን መልስ መጥቶ አያውቅም። ልጇ ልትሆን ትችላለች። ለማወቅ መክፈት ነው፤ ከተከፈተ ደግሞ ያ ድምፅ ይጀምራል፣ ለአንዲት ሌላ ልጅም ይታያል፣ ተቆጥሮም ፍርድ ቤት ይቀርባል። እትዬ እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ በሌላኛው እጇ ያዘችው። «እሷ ብትሆንስ?» አለች። «እሷ ሆና ባልከፍትላትስ?» ተኳሿ ስልኩን ልትሰጣትም ልትደብቅባትም አልቻለችም። ከጀርባቸው ልጅቷ ተነሥታ ተቀመጠች።

«አምጪው» አለች። «እኔ ልክፈተው።»

ከእናቷ እጅ ወሰደችው። ድምፅ ማውጫውን በመዳፏ ደፍና ከፈተችው፤ «ደርሻለሁ» የሚለው ቃል መዳፏ ውስጥ ታፍኖ ቀረ። ስታነብ ፊቷ አልተለወጠም፣ እትዬ ግን ገና ሳይነገራት ትከሻዋ ወረደ። «እሷ አይደለችም» አለች ልጅቷ። «ሌላ ናት። ‹እማማ፣ ሲሄዱ ዕድሜ ይጠይቃሉ እንዴ? እኔ ዐሥራ ሦስት ነኝ› ትላለች።» ከዚያ በሁለት አውራ ጣቶቿ መጻፍ ጀመረች። እናትየው የልጇን ጣቶች አየች። ፊደሉን አይፈልጉም፤ ከቁልፍ ቁልፍ ይዘላሉ፣ መንገዱን ለምደውታል። ልጅቷም እየጻፈች ቀስ ብላ አነበበች፦ «ቪዲዮው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አልደረስኩም፤ ገና ከከተማም አልወጣሁም ነበር። በግድ በይ ብለውኝ ነው። አትሂጂ።» ላከችው። ስልኩ ወዲያው ነዘረ። አስተያየትሽ ተወግዷል። ምክንያት፦ ተመሳሳይ ጽሑፍ መደጋገም።

«እንዴት ተመሳሳይ?» አለች እትዬ። «አሁን ገና መጻፍሽ አይደል?»

«ያውቁታል፣ በእማዬ ስልክ ጽፌዋለሁ። ማታ ማታ፣ ስትተኛ።» ልጅቷ ቀና ሳትል አንድ ቃል ቀይራ እንደገና እየጻፈች ነበር። «ቃል ከቀየርኩበት ትንሽ ይቆያል። አንዳንዴ እስኪነጋ።»

«ስንት ጊዜ ጻፍሽ?» አለች እናትየው፣ ድምፅዋ ተቆራርጦ።

«አልቆጠርኩም። እነሱ ቆጥረውልሽ የለ?»

ተኳሿ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከተመለሰች ጀምሮ ተኝታለች ብላ በእግሯ ጫፍ የምትራመድላት ልጅ፣ በየሌሊቱ ከገዛ ፊቷ ሥር ቆማ ሰው ስትመልስ ኖራለች። ነገሩ ዘግይቶ ነው የገባት። «አንብበውታል ማለት ነው» አለች። «ለማጥፋት ማንበብ አለባቸው። ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር ስትያቸው፣ በግድ ነው ስትያቸው... ማንም አልነገረንም አለ እኮ ሰውየው! ግድግዳ ነን አለ። ግድግዳ ያነባል እንዴ?» ቆማ ስልኳን ፈለገች፣ ለጠበቃዋ ልትደውል፣ ደግሞ መልሳ ተቀመጠች፤ ይህን ለችሎት የሚናገር ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ከግቢ በር ወጥቶ አያውቅም። «በቀጠሮው ትመጪያለሽ?» አለቻት። የልጅቷ ዓይን ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሁለተኛውም ጽሑፍ ተወግዶባት ነበር።

«ጨረስኩ» አለች ልጅቷ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አትሂጂን በስንት ዓይነት ጻፍኩት። ቅሪ ብያለሁ፣ ተይ ብያለሁ፣ ውሸት ነው ብያለሁ። ሁሉንም ያውቁታል። ሌላ ቃል ንገሩኝ።»

እናትየው «እናትሽን አማክሪያት በያት» አለች። ተጻፈ፣ ትንሽ ቆየ፣ ጠፋ። «ሻንጣው ባዶ ነው በያት።» ጠፋ። ያቺ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የሆነ ቤት ውስጥ፣ ከሆነች እናት አጠገብ ስልኳን ይዛ መልስ እየጠበቀች ነው። ከቪዲዮው ሥር ያለው የተመልካች ቁጥር እነሱ ሲጽፉም ሲጠፋባቸውም እኩል ይጨምራል። ክፍሉ ውስጥ ለሦስተኛ ሰው ቦታ የለም፤ ሦስቱም ጉልበታቸው ተነካክቶ አንዲት ስክሪን ላይ አጎንብሰዋል።

እትዬ መሐረቡን በጣቷ እየጠቀለለች፣ እየፈታች ቆየችና፣

«ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ በያት» አለች።

ልጅቷ አየቻት። ከዚያ ጻፈችው፣ ላከችው። ጠበቁ። ስልኩ አልነዘረም። ትንሽ ቆይተው እንደገና አዩ፤ ጽሑፉ እዚያው አለ፣ ከእትዬ ልጅ ፎቶ ዝቅ ብሎ።